የሌላ ሰው ይቅርታ

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እስከ ዛሬ የነገርኩት ለባለቤቴ ብቻ ነው፤ እሷም ግማሹ ላይ ስደርስ “በቃ፣ ተወው” ብላ ተነሳች። ዛሬ ሙሉውን ልንገራችሁ። ለምን እንደምነግራችሁ መጨረሻ ላይ ይገባችኋል ብዬ ግን አልዋሽም፤ እኔም በደንብ አልገባኝም።

ያኔ ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ፕሌኖ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራ ነበር። ሥራዬ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ከአልጋ ማንሳትና መመለስ ነው። የተመደብኩበት ክንፍ አእምሯቸው የከዳቸው ሰዎች የሚኖሩበት ነበር። ስንቀጠር ትሬኒንግ ላይ ደጋግመው የነገሩን ነገር ቢኖር “አትከራከሯቸው” የሚለው ነው። ሽማግሌው ሥራ ረፈደብኝ ካለ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁት። አሮጊቷ ባሌ ሊመጣ ነው ካለች፣ ባልሽ ሞቷል አትበሏት። አብራችሁ ሂዱ። እኔ በዚህ በኩል ጎበዝ ነበርኩ። ወንድምም፣ የባንክ ሠራተኛም፣ የጦር ጓደኛም ሆኜ አውቃለሁ።

ስለ ራሴ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ነው የሞተችው። ያሳደገኝ አባቴ ነው፤ ደግ ሰው ነበር፣ ግን ዝምተኛ። የጎረቤት ሴቶች “ልጄ” ይሉኝ ነበር፤ እነሱ ግን ያገኙትን ልጅ ሁሉ ነው እንደዚያ የሚሉት። ያደግኩት ይህ እንደጎደለኝ ሳይታወቀኝ ነው። የታወቀኝ ሄርታን ሳገኝ ነው።

ሄርታ ዘጠና የተጠጋት ኦስትሪያዊት ነበረች። በወጣትነቷ አሜሪካዊ መሐንዲስ አግብታ ቴክሳስ መጥታ፣ እዚሁ አርጅታ፣ ባሏ ሲሞት ብቻዋን እኛ ጋ ገባች። ልጅ የላትም ነበር የተባልነው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ዓይኗ ግራጫ፣ ፀጉሯ ሳይበጠር ሰው በሯን እንዲከፍት የማትፈቅድ ሴት ነበረች።

አንድ ፊልም ነበራት። ጥቁርና ነጭ፣ ያገሯ የድሮ ሙዚቃዊ ኮሜዲ። ቋንቋው ጀርመንኛ ስለሆነ አንድ ቃል አይገባኝም፤ ግን በቀን አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ስለምናየው ታሪኩን በቃሌ አውቀው ነበር። ሐይቅ ዳር ያለ ትልቅ ሆቴል ነው። የልብስ አጣቢዋ ልጅ አንሶላ ተሸክማ ስትገባ፣ የሆቴሉ ሰዎች የመስፍኑ ልጅ ትመስላቸውና እጅ ይነሷታል። እውነተኛዋ የመስፍኑ ልጅ ደግሞ ሽርጥ ታስራ ወጥ ቤት ትገባለች። ሁሉም ይዘፍናል፣ ሁሉም ይሳሳታል። መጨረሻ ላይ ልጁን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያላያት መስፍን መጥቶ፣ እንባውን እያፈሰሰ የልብስ አጣቢዋን ልጅ ያቅፋል። እውነተኛዋ ልጅ ከኋላው ቆማ ትከሻውን ነካ ነካ ታደርገዋለች፤ እሱ ግን “ቆይ አንቺ” ዓይነት እጁን ያወናጭፍባታል። ሄርታ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ትስቃለች። እንባዋ እስኪመጣ ነው የምትስቀው።

ፊልሙ የተቀረጸው እሷ በልጅነቷ አስተናጋጅ በነበረችበት ሆቴል ነው። አንድ ቦታ ላይ፣ ሁለቱ ሴቶች ደረጃው ላይ ሲዘፍኑ፣ ከኋላቸው አንዲት ልጅ ትሪ ይዛ ታልፋለች። ያቺ ልጅ ሄርታ ናት። ዓይን ሳይጨፍኑ ማየት ያስፈልጋል፤ ወዲያው ነው የምታልፈው።

አንድ ቀን እዚያ ላይ ስንደርስ ጣቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስራ፣ “ፔተር፣ እዚህ ጋ አንተም አለህ” አለችኝ።

ፔተር ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ፔተር እኔ ሆንኩ። ስገባ ፊቷ ይበራል። “ልጄ” ትለኛለች፣ እጇን ጉንጬ ላይ ታስቀምጣለች፣ በላህ ወይ ትላለች። እኔ ጥቁር ነኝ፣ እሷ ነጭ ናት፤ አእምሮዋ ይህንን እንዴት እንዳለፈው አልጠየቅኩም። አብራችሁ ሂዱ ተብለናል፣ ሄድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሺፍት ሳይኖረኝም ጎራ የምልባቸው ቀናት ነበሩ።

ክንፉን የሚመሩት ሲስተር ጽጌ የሚባሉ የጎንደር ሴት ነበሩ። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ሄርታን የሚጠይቅ ሰው እንደሌለ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ከኦክላሆማ በየሳምንቱ እየደወለ “ደኅና ናት?” ብሎ ብቻ ከሚዘጋ ሬይመንድ ከሚባል ሰው በቀር። ላገናኝዎት ሲሉት “አይ፣ አታስቸግሯት” ይላል። ዘመድ ነዎት ወይ ብለው ሲጠይቁት፣ የሚያውቃት ሰው ነኝ ብሏቸዋል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ጃንዋሪ ላይ ነው። ሄርታ ሳንባዋ ታሞ ሰንብቷል፤ ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ሥራችን ሕመሟን ማስታገስ ብቻ ነው ብሎን ሄዷል። በዚያው ሰሞን ዳላስ ላይ ያ የበረዶ ዝናብ መጣ። እዚህ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሲወርድ ዝናብ ነው፣ መሬት ሲነካ መስታወት ይሆናል። ሃይዌዩ ተዘጋ፣ ተተኪዎቻችን መምጣት አልቻሉም። እኔም ሲስተር ጽጌም እዚያው ቀረን።

ጠዋት ላይ የሄርታ አተነፋፈስ ተለወጠ። ሲስተር ጽጌ ሌላ የሚጠሩት ሰው ስላልነበራቸው ሬይመንድ ጋ ደወሉ። ዛሬን ላታልፍ ትችላለች፣ ግን መንገዱ አያስነዳም አሉት። “እመጣለሁ” አለ። መንገዱ አደገኛ ነው ብለው ሳይጨርሱ ዘግቶታል።

ቀትር ላይ ሄርታ ነቃች። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ብርድ ልብሱን እየጎተተች፣ ለመነሳት እየሞከረች፣ ፔተር የት አለ ትላለች። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ።

“ተቆጥተሃል?” አለችኝ።

አልተቆጣሁም አልኳት።

“ተቆጥተሃል። እኔ ብሆን እቆጣ ነበር።”

ከዚያ በኋላ የተናገረችው በቁርጥራጭ ነው፤ ግማሹ በጀርመንኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ። እኔ በኋላ ገጣጥሜ ነው የምነግራችሁ። የልጁ አባት ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ነበር። ጦሩ ከኦስትሪያ ሲወጣ አብሮ ወጣ፣ ድምፁ ጠፋ። እሷ ልጇን ይዛ ከተማ ስትገባ ሰዉ እነሱን ሽሽት መንገድ ተሻግሮ ይሄድ ነበር። ከዚያ መሐንዲሱ መጣ። ስለ ልጁ አልነገረችውም።

“አረንጓዴውን ሹራብህን አልብሼህ ነው የወሰድኩህ። መነኩሲቷ በሩን ስትከፍት ቶሎ እመለሳለሁ አልኩህ። አንተ አላለቀስክም። ለምን አላለቀስክም? ብታለቅስ ኖሮ እኮ ይዤህ እመለስ ነበር።”

እጄን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ደረቷ ሳበችው። ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም።

“ይቅር በለኝ። ፔተር፣ ይቅር በለኝ።”

ቀና ስል ሲስተር ጽጌ በሩ ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ቀልቷል። በአማርኛ፣ ቀስ ብለው “ይቅር በላት ሳሚ፤ ትረፍ” አሉኝ።

እንግሊዝኛ አንቱና አንቺ የለውም። ሁልጊዜ ሳናግራት በልቤ አንቱ እላት ነበር፣ እንደ ትልቅ ሰው። ያን ጊዜ ግን “ይቅር ብዬሻለሁ፣ እናቴ” ስላት፣ አንቺ ነበር ያልኳት። “እናቴ” የሚለውን ቃል ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር።

ሄርታ ፊቷ ላላ። ጣቶቿ አንድ በአንድ እጄን ለቀቁኝ። ተኛች፣ አተነፋፈሷም ተስተካከለ። ሲስተር ጽጌ መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ትልቅ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። ያ ስሜት የቆየው ከሰዓት በኋላ ሬይመንድ እስኪመጣ ድረስ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ሲነዳ ነው የዋለው። ረጅም፣ ጠይም፣ ፀጉሩ ነጭ የሆነ፣ ሰባ የሚሆነው ሰው ነው። ኮቱ ላይ በረዶ አለ። የትኛው ክፍል ናት ብሎ ቀና ሲል ዓይኑን አየሁት። ግራጫ ነው። የማውቀው ዓይን ነው፤ በየቀኑ የማየው ዓይን። ሲስተር ጽጌም አይተውታል። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ክፍሉ ድረስ ይዤው ገባሁ። ኮቱን እንኳን ሳያወልቅ አልጋው አጠገብ ቆመ። “እማ” ለማለት የፈለገ ይመስል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው ግን “ሄርታ” የሚል ነው።

ዓይኗን ገለጠች። አየችው። ቀስ ብላ፣ በዚያ ጨዋ ፈገግታዋ፣ እንግዳ ሰው እንደምታነጋግር አነጋገረችው። አማርኛ ብትችል ኖሮ አንቱ ነበር የምትለው።

“ይቅርታ ጌታዬ፤ ሰው ተሳስተዋል። እኔ ልጄ አብሮኝ ነው።” ይህን ብላ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

ሰውየው አልተንቀሳቀሰም። እኔ ትሬኒንጉንም ሥራዬንም ረሳሁት። ተንበርክኬ “ሄርታ፣ ይሄ ነው ፔተር። ይሄ ነው ልጅሽ። እኔ ሳሙኤል ነኝ፣ እዚህ የምሠራው” አልኳት። ጮኼም ሊሆን ይችላል።

ሳቀች። ደካማ ሳቅ ነው፣ ግን ሳቅ ነው፤ የቀለድኩ መስሏታል። ጉንጬን ዳበስ አድርጋኝ መልሳ ተኛች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ሬይመንድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እንደዚህ ስትለው ሁለተኛዋ መሆኑን ነገረኝ። ልጅ እያለ አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ከመነኩሲቶቹ ወስዶ አሳድጎት፣ አዲስ ስም ሰጥቶት፣ ሰው ሆኗል። ጎልማሳ ሲሆን ፈልጎ አገኛትና እዚሁ ፕሌኖ በሯን አንኳኳ። ራሷ ከፈተች። አየችው፣ አወቀችው። ባሏ ከኋላዋ ማን ነው ሲላት ሰው ተሳስቶ ነው አለችና፣ ወደ እሱ ዞራ ያንኑ ደገመችለት።

“ያን ጊዜ አውቃኝ ነው የካደችኝ” አለኝ። “ዛሬ ግን የምሯን ነው። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም።”

ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ እየሠራ ነበር፤ ያለ ፊልሙ ስለምትረበሽ አናጠፋውም። ደረጃው ላይ ያለው ዘፈን ሲመጣ፣ ምን አስቤ እንደሆነ አላውቅም፣ እናቱ እዚህ ላይ እንዳለች ነገርኩት። ትሪ ይዛ የምታልፈዋ። አቁምልኝ አለኝ። መልሼ፣ ትሪዋ መሐል ላይ ስትደርስ አቆምኩለት። ተነስቶ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄደ። ሽርጧ ከፊት ለፊት ትንሽ ወጣ ብሏል። ያን ሁሉ ጊዜ አይቼው ልብ ብዬው አላውቅም።

ፊልሙ የተቀረጸው መቼ ነው አለኝ፤ እሷ የነገረችኝን በጋ ነገርኩት። ወራቱን በጣቱ ቆጥሮ ራሱን ነቀነቀ።

“እሷና እኔ አንድ ላይ የተነሳነው ፎቶ ይሄ ብቻ ነው” አለ።

ፊልሙን ለቀቅኩት። መጨረሻው ደረሰ። መስፍኑ መጣ፣ የተሳሳተችውን ልጅ አቀፈ፣ እውነተኛዋ ከኋላው ትከሻውን ነካ ነካ አደረገች። ሬይመንድ ሲያይ እኔ እሱን ነበር የማየው። በፊልሙ ወዲያው ነው የሚታረመው። አንዲት አሮጊት ሞግዚት ትጮኻለች፣ መስፍኑ ይዞራል፣ ልጁን ያውቃታል፣ ሁሉም ይጨፍራል። ሬይመንድ ጭፈራው ሳያልቅ ፊቱን አዞረ።

ከዚያ ቀትር ላይ የተናገረችውን እንድነግረው ጠየቀኝ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ሲስተር ጽጌ ይሆናሉ። ሁሉንም ነገርኩት። ሹራቡን፣ መነኩሲቷን፣ ብታለቅስ ኖሮ ያለችውን። ሹራቡ ጋ ስደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ስጨርስ “ይቅርታ ጠየቀችኝ ነው የምትለው?” አለ። አዎ አልኩት።

“አንተስ ምን አልካት?”

መዋሸት እችል ነበር። “ይቅር ብያታለሁ” አልኩት።

“ማን ፈቀደልህ?”

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

“መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር” አለ። “መኪናዋ ስትንሸራተት እንኳን እሱን ነበር የማስበው። ይቅር ልበላት አልበላት አልወሰንኩም ነበር። ሕይወቴን ሙሉ ያልወሰንኩት ነገር ነው። በሩ ጋ ስደርስ እወስናለሁ አልኩ። ለካ ቀድሞ ተወስኖልኛል።”

እሷን ለማሳረፍ ብዬ ነው አልኩት። “አውቃለሁ” አለኝ፤ “አርፋለች፣ እያየኋት ነው።” ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ አላነሳብኝም።

ሄርታ የሞተችው በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ነው። ትንፋሿ ሲራራቅ እጇ እኔ እጅ ውስጥ ነበር። ቀስ ብዬ እጄን ላወጣና የሬይመንድን እጅ ልተካ ሞከርኩ። አልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር። አየኝና ራሱን ወዘወዘ።

“ተዋት” አለኝ። “ልጇን ይዛለች። አትቀስቅሳት።”

እንደዚያው ሆና ሄደች። እሱ አላለቀሰም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ እናቱ እንደሞተችበት ሰው። እሱ ደግሞ መጥቶ እኔን አጽናናኝ። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴን የማደርግበት አጣለሁ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጥቶ በረዶው መቅለጥ ጀመረ። መኪናው ድረስ ሸኘሁት። በሩን ከፍቶ ሳይገባ ቆመና እንዲህ አለኝ፤

“ከልጅነቴ ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ ሰው የለም። አሳዳጊዎቼ ቀየሩት። ከእሷ አፍ ልሰማው ነበር የመጣሁት፣ ሌላ ምንም ላይሆን። አንተ እስኪ ጥራኝ።”

“ፔተር” አልኩት።

ዝም ብሎ ጠበቀ፤ ውስጡ የሆነ ነገር እንዲመልስለት የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከዛፎቹ ላይ በረዶ እየተሰበረ ይወድቃል። ቆይቶ ራሱን ወዘወዘ።

“አይደለም” አለ። “የእኔ አይመስለኝም።”

መኪናው ውስጥ ገባና ሄደ።

ብዙም ሳልቆይ ሥራውን ለቀቅኩ። አሁን ግራንድ ፕሬሪ ከተማ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ፤ የማነሳው ዕቃ ነው፣ የማወርደው ዕቃ ነው። ባለቤቴ “ከሰው ጋ መሥራት ትችልበት ነበር እኮ” ትለኛለች። እችልበት ነበር። ችግሩም እሱ ነው። አንዲት እናት ልጄ ስትለኝ ደስ ስላለኝ፣ የማን ልጅ እንደምትጠራ ሳልጠይቅ አቤት አልኩ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ሬይመንድ ይቅር ማለት ነበረበት አልላችሁም። አለማለትም መብቱ ነበር። ከመካከላችሁ የሚጠብቀው ወላጅ ወይም ልጅ ያለው ካለም፣ ሂዱ ወይም አትሂዱ ብዬ የምመክርበት አፍ የለኝም። እኔ የማውቀው የራሴን ብቻ ነው። ያን ቀን ቀትር ላይ ዝም ብል ኖሮ፣ ሄርታ ምናልባት እየጨነቃትም ቢሆን ትጠብቅ ነበር። በሩ ሲከፈትም ቀና ብላ ታይ ነበር ይሆናል። ሲስተር ጽጌ አሁንም እየደወሉ፣ “አታውቀውም ነበር ሳሚ፤ ራስህን አትግደል” ይሉኛል። እውነታቸውን ይሆናል። ማንም ሊያረጋግጥልኝ አይችልም፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

አንዲት እናት ለልጇ ለመናገር ዕድሜዋን ሙሉ ያስቀመጠችውን ቃል እኔ ሰምቻለሁ። ልጇ በሕይወት አለ። ኦክላሆማ ነው፤ ስልኩም አለኝ። ቃሉን ነገርኩት፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። እሱ ጋ ግን አልደረሰም። እኔው ጋ ነው ያለው።